«ገቢ ተሰደደ» ሲባል ምን ማለት ነው?

እዚህ ሀዋሳ ግሩፓችን ላይ ሰሞኑን ያጨቃጨቀን ይኼ ነው፦ አሜሪካ ውስጥ አንድ የገጠር ካውንቲ (እንደኛ ወረዳ ወይም ዞን ያለ አስተዳደር) «ይህን ያህል ሚሊዮን ዶላር ተሰደደበት» ይባላል። ብሩ በሻንጣ አልወጣም።

የግብር መሥሪያ ቤቱ ዘንድሮ ግብር ያስታወቀውን ሰው አድራሻ ከአምናው ጋር ያስተያያል። ካውንቲ ከቀየረ፣ ያስታወቀው ገቢ በሙሉ አብሮት እንደሄደ ይቆጠራል። የዓመት ገቢ ነው እንግዲህ፣ ሀብት አይደለም። መሬቱና የባንክ ተቀማጩ እዚህ ውስጥ የሉም። ግብር የማያስታውቅ ሰው ደግሞ ጭራሽ አይታይም።

ወደ ሰፈራችን እናምጣው። አለታ ወንዶ በወር 10,000 ብር የምታገኝ መምህርት ሀዋሳ ገባች እንበል። በዚህ ስሌት አለታ ወንዶ 120,000 ብር ወጣባት። ግን በቦታዋ እዚያው ሥራ ፈትቶ የነበረ ልጅ በዚያው ደሞዝ ቢቀጠርስ? ጠዋት ጠዋት ቡና የምትጠጣበት ቤት ደንበኛ ቀየረ እንጂ ገበያው አልጎደለም። ስሌቱ ይህን አያይም። ለእናቷ በየወሩ የምትልከውንም አያይም።

ስለዚህ እርግጡ የአድራሻ ለውጡ ነው። አካባቢው ደኸየ ወይስ አልደኸየም የሚለው ግን እንደየቦታው ነው፤ ሥራው ሰውየውን ተከትሎ ሄዷል ወይስ ቀርቷል ብላችሁ ጠይቁ።