ሻንሲው የተነካ መኪና ምንድን ነው?

ጎንደር ውስጥ ያገለገለ መኪና የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ግጭት አላት ወይ?» ብሎ ነው። የደላላው መልስ ደግሞ የታወቀ ነው። «ኧረ ምንም የላት! ፓራውልቷን ትንሽ ነካ አድርጓት ነው እንጂ።» እኔ ግን ጥያቄው ራሱ ጎዶሎ ይመስለኛል። የከተማችን መንገድ ላይ ዓመታት የሠራ መኪና አንድ ቦታ መነካቱ አይቀርም። ቁም ነገሩ ሻንሲው ተነክቷል ወይስ አልተነካም የሚለው ነው።

ሻንሲ የመኪና አጥንት ነው። ሞተሩ፣ ካምቢዮው፣ እግሮቹ፣ የምንቀመጥበት ወንበር ሳይቀር የተሸከማቸው እሱ ነው። ሃይሉክስ ላይ በቀላሉ ይታያል። ጎንበስ ብላችሁ ብታዩ ከሥር እንደ መሰላል የተዘረጋ ወፍራም ብረት አለ፤ ቦዲው ከላዩ ይቀመጣል። ቪትዝና ኮሮላ ግን እንዲህ ያለ መሰላል የላቸውም። ወለሉ፣ የበሮቹ ምሰሶዎች፣ ጣሪያው፣ ሞተሩን ከግራና ከቀኝ ይዘው ወደ ፊት የሚወጡት ሁለት ብረቶች አንድ ላይ ተበይደው ራሳቸው ሻንሲ ሆነዋል። «ትንሽ መኪና ሻንሲ የላትም» የሚላችሁን ሰው አትስሙት።

ኮፈን (የሞተሩ ክዳን)፣ ፓራውልት (ፊትና ኋላ ያለው መከላከያ)፣ የፊት ፓራፋንጎ (ከጎማው በላይ ያለው ላሜራ) እና በር ግን ልብስ ናቸው። (ከበር በቀር ስማቸው እንደ ፒያሳችን ከጣሊያን የቀረ ነው።) በቡሎን የታሰሩ ስለሆኑ ይፈታሉ፣ ይቀየራሉ። የኋላው ፓራፋንጎ አብዛኛውን ጊዜ የተበየደ ነውና እሱን ለብቻው አስመርምሩት።

አጥንቱ ለምን ይህን ያህል ያሳስበኛል? ፊት ያሉት ሁለት ብረቶች መኪናው ሲጋጭ እንዲጨማደዱ ሆነው የተሠሩ ናቸው። የግጭቱን ኃይል እነሱ ይውጡታል፤ ለተሳፋሪው የሚተርፈው ይቀንሳል። የተጨማደደውን ብረት ባትላሜራው ጎትቶ፣ በእሳት አሙቆ ያቃናዋል። መልኩ ይመለሳል። አቅሙ ግን አይመለስም። የዛሬ መኪኖች የሚሠሩበት ጠንካራ ብረት በእሳት ሲሞቅ ይዳከማል። የተሰበረ እጅ ወጌሻ ካሰረው በኋላ ራሱ ይጠግጋል፤ ብረት ይህ ጸጋ የለውም። ያንን መኪና ይዛችሁ የሊማሊሞን ቁልቁለት ከነቤተሰባችሁ ስትወርዱ አስቡት።

ባለፈው ክረምት ከእህቴ ባል ጋር ማራኪ አካባቢ አንዲት ቪትዝ ልናይ ሄድን። ቀለሟ ያብረቀርቃል፤ ዋጋዋም ከገበያው ቀነስ ያለ ነበር። የምናውቃቸውን አንድ አዛውንት መካኒክ ይዘን ነበር። እሳቸው ቀለሙን ዞር ብለው እንኳ አላዩትም። ኮፈኑን አስከፍተው በሞተሩ ጎን ያለውን ብረት በጣታቸው ዳሰሱ።

«ጋሼ፣ እንዴት አገኟት?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ልብሷ አዲስ ነው። አጥንቷ ግን ተሰብሮ የታሰረ ነው። ተዋት።»

ከዚያ አሳዩን። የፋብሪካ ብየዳ ትንንሽ ክብ ነጠብጣብ ሆኖ በእኩል ርቀት ይሰለፋል። እዚያ ግን በእጅ የተሠራ ወፍራም የብየዳ መስመር ነበር፤ ከላዩም ጥቁር ቀለም ተቀብቷል።

ከእሳቸው የተማርኩትን ላካፍላችሁ። በስስ ጨርቅ የተጠቀለለ ማግኔት ይዛችሁ ሂዱ። ላሜራ ላይ ይጣበቃል፤ ከቀለሙ ሥር ወፍራም ስቱኮ (የተጎዳ ላሜራ የሚደለደልበት መሙያ) ካለ ግን ይወድቃል። (ፓራውልት ፕላስቲክ ስለሆነ እዚያ አትሞክሩት።) የኮፈንና የፓራፋንጎ ቡሎኖች ቀለማቸው ተልጦ ከሆነ ተፈትተው ያውቃሉ ማለት ነው። ቁልፉን ስታዞሩ የኤርባግ መብራት በርቶ ከጥቂት ሴኮንድ በኋላ መጥፋት አለበት። ጭራሽ ካልበራ ጠርጥሩ፤ ኤርባጉ ፈንድቶ ሳይተካ ቀርቶ ይሆናል። ሊብሬው ላይ የተጻፈውን የሻንሲ ቁጥርም ብረቱ ላይ ከተመታው ጋር አንድ በአንድ አመሳክሩ። ሊብሬ ግን የግጭት ታሪክ አይነግራችሁም።

ከሁሉም በላይ የምወደው ግን የዱካው ፈተና ነው። ዝናብ ሲያባራ መኪናው ውሃ ያቆረ ቦታ ላይ ቀጥ ብሎ ይለፍ። ከዚያ ደረቁ አስፋልት ላይ የተወውን ዱካ ተመልከቱ። የኋላ ጎማዎች የፊቶቹን መከተል አለባቸው። በአንድ በኩል ብቻ ወጣ ካሉ መኪናው ጎኑን ሰጥቶ እየሄደ ነው። አላይመንት (የጎማዎቹ አቅጣጫ ማስተካከያ) ተሠርቶለትም ከዱካው ከወጣ፣ ሻንሲው ሳይጣመም አልቀረም።

ታዲያ የተገጨ መኪና አይገዛም ማለቴ ነው? አይደለም። የተጎዳው ልብሱ ብቻ ከሆነ ግዙት፤ ዋጋውን ግን አስቀንሱ። እናንተም በተራችሁ ስትሸጡት ገዢው ያንኑ ጥያቄ ይጠይቃችኋል። ሻንሲው፣ ምሰሶው ወይም ወለሉ ተቆርጦ የተበየደ ከሆነ ግን የፈለገውን ያህል ቢረክስ ተዉት። ሻጩ መካኒክ እንዳታመጡ ከከለከላችሁም እዚያው ተሰናበቱት።

የእህቴ ባል በመጨረሻ አንድ ኮሮላ ገዛ። የግራው የፊት በርና ፓራፋንጎ ተቀይረዋል፤ ሻጩም ይህን ሳይጠየቅ ነው የነገረን። ጋሼ ከሥር ገብተው ግማሽ ሰዓት ያህል መረመሩት። ፀሐይ ላይ ሲቆም የበሩ ቀለም ከሌላው ትንሽ ጠቆር ይላል። እህቴ ግን ልጆቹን ኋላ ጭና ወደ አዘዞ ስትነዳው ቅር አይላትም።