ከሎጎ ሐይቅ እስከ ኮምቦልቻ፦ የዓሣ ደህንነት በአጥማጁና በፊሌቶ አውጪው መካከል

ደሴና ኮምቦልቻ ከባሕር የራቁ ከተሞች ናቸው። ቅርባቸው ያለው የዓሣ ምንጭ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ላይ የሚገኘው፣ የእስጢፋኖስ ገዳም ያለበት የሎጎ ሐይቅ ነው። ገበያው የሚወደው ቆሮሶ ራሱ ወደዚህ ውኃ የገባው በ1970 ዓ.ም. ገደማ ነው፤ አምባዛና ካርፕም ይጠመዳሉ።

በወሎ ዓሣ ከሌላ ሥጋ የሚለይበት ነገር አለው። የክርስቲያን ሥጋና የሙስሊም ሥጋ በአራጁ ይለያያል፤ ዓሣ ግን ስለማይታረድ የሁለቱንም ማዕድ ያገናኛል። በጾም ደግሞ፣ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር እንዳለ ሆኖ፣ ፈላጊው ይበዛል።

የደህንነቱ ጉዳይ የሚጀምረው ጀልባው ዳር ሳይደርስ ነው። መረብ ማታ ተጥሎ ጠዋት ሲነሳ፣ አመሻሹ ላይ የተያዘው ዓሣ ሞቶ ውኃ ውስጥ አድሯል፤ ጎህ ሲቀድ የተያዘው ገና ይፈራገጣል። ሁለቱ አንድ ጆንያ ውስጥ ሲገቡ እኩያ ይመስላሉ። በእኔ ግምት ገዢው ከዋጋው በፊት መጠየቅ ያለበት መረቡ የተነሳበትን ሰዓት ነው።

ነቃ ያለ ገዢ ግን በቃል አይረካም። ከጭንቅላቱ ጎን ያለውን ክዳን በጣቱ ገልጦ የመተንፈሻውን ቀለም ያያል፤ ደማቅ ቀይ ከሆነ ይወስዳል፣ ወደ ቡናማ ከዞረ ይተዋል። ሥጋውን በአውራ ጣቱ ይጫናል፤ ጎድጉዶ ከቀረ ቆይቷል። የሰረጎደና የደፈረሰ ዓይንም ያው ነው።

ቀጥሎ ያለው የበረዶ ሥራ ነው። በሞቃት አገር የተለመደው ምጣኔ ለአንድ ኪሎ ዓሣ አንድ ኪሎ በረዶ ነው። የደሴ ብርድ እዚህ ላይ ያዘናጋል፤ ለሰው ጋቢ የሚያስደርበው 12 ዲግሪ ለዓሣ ሙቀት ነው። ወደ ኮምቦልቻ 600 ሜትር ያህል ሲወረድ ደግሞ ይብሳል።

አንጀቱ ከሥጋው ቀድሞ ስለሚበላሽ በቶሎ ይወጣል፤ አንጀት የነካ ቢላዋም ሳይታጠብ ፊሌቶ፣ ማለትም ከአጥንቱ የተለየውን ሥጋ፣ አይነካም። ከቆሮሶ ክብደት ፊሌቶ የሚሆነው ሲሶ ያህል ብቻ ስለሆነ ተረፈ ምርቱ ብዙ ነው፤ ካልተቀበረ ዝንብና ውሻ ይሰበስባል።

አደጋ የሚገባባቸውን ነጥቦች ለይቶ የመቆጣጠር ሥርዓት በአሜሪካ ዓሣ አቀነባባሪዎች ላይ ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግዴታ ነው። ለአነስተኛ ዓሣ ቤት ግን ሰዓት፣ የአጥማጁ ስምና የበረዶው መጠን የሚጻፍበት አንድ ደብተር ሩቅ ያስኬዳል።

ጥሬ ሥጋ የለመደ ሰው ዓሣንም በጥሬው ሊመኝ ይችላል። በዓሣ ሥጋ ውስጥ ያለ ጥገኛ ትል የሚሞተው በደንብ ሲበስል ወይም ከዜሮ በታች በ20 ዲግሪ ለ7 ቀን ሲቆይ ነው፤ የበረዶ ሳጥን ይህን አያደርግም።