ኢሚግሬሽን ቢሮ ቀጠሮ ላለው ሰው፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አሜሪካ ውስጥ ግሪን ካርድ ወይም ዜግነት ያመለከተ ሰው የቀጠሮ ደብዳቤ ሲደርሰው ምክሩም አብሮ ይጎርፋል፤ ከዘመድ፣ ከሥራ ባልደረባ፣ ከማኅበርተኛ። ምክሩ በቅንነት የሚሰጥ ነው፤ ችግሩ ከሌላ ሰው ጉዳይ የተቀዳ ወይም ጊዜ ያለፈበት መሆኑ ነው። እዚህ የምናነሳው ዩኤስሲአይኤስ የሚባለው የዜግነትና ኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት በየአካባቢው ባሉት ቢሮዎች ስለሚያደርገው ኢንተርቪው ነው። ኦፊሰሩ ፊት የሚዘረጋው እርስዎ የፈረሙበት ማመልከቻ ነው፤ አብዛኛው ጥያቄ የሚመጣው ከዚያ ወረቀት ነው። ስለዚህ ዋናው ዝግጅት የሚሠራው ቤት ውስጥ ነው።

«ኢሚግሬሽን ያው ኢሚግሬሽን ነው»

አይደለም። አሻራ፣ ፎቶና ፊርማ ብቻ የሚወሰድበት ማዕከል አለ፤ እዚያ ያሉት ሠራተኞች ስለ ጉዳይዎ ቢጠይቋቸው የሚመልሱት ነገር የላቸውም። የግሪን ካርድና የዜግነት ኢንተርቪው የሚደረገው በአካባቢው ቢሮ ነው። የጥገኝነት ኢንተርቪው የራሱ ቢሮ አለው። የኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት ደግሞ ጭራሽ በሌላ መሥሪያ ቤት፣ በፍትሕ ሚኒስቴር ሥር ነው። በአንድ ከተማ እነዚህ በተለያየ ሰፈር ሊሆኑ ስለሚችሉ «ባለፈው አሻራ የሰጠሁበት ቦታ ነው» ብሎ የሄደ ሰው ቀጠሮው ያመልጠዋል። አድራሻውን ሁልጊዜ ከአዲሱ ደብዳቤ ላይ ያንብቡ።

«በጠዋት ተሰልፌ እጠይቃለሁ»

ያለ ቀጠሮ ከበር አያልፉም። ድሮ ኢንፎፓስ በሚባለው መንገድ ሰው ራሱ ቀጠሮ ይይዝ ነበር፤ ያ በ2019 ቀርቷል። አሁን የሚጠየቀው በስልክ ቁጥር 1-800-375-5283 ወይም በመሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ ላይ ባለው የቀጠሮ መጠየቂያ ሲሆን፣ ቀጠሮ የሚሰጠውም ቢሮ መምጣት ግድ ለሚል ጉዳይ ነው፤ ለምሳሌ ለአስቸኳይ ጉዞ። «ጉዳዬ የት ደረሰ?» ለሚለው ደረሰኙ ላይ ያለውን 13 ፊደልና ቁጥር ድረ ገጹ ላይ ማስገባት ይበቃል። ግሪን ካርዱ ለዘገየበት ሰው ፓስፖርት ላይ የሚመታው ጊዜያዊ ማኅተም እንኳ ከ2023 ጀምሮ ቢሮ ሳይሄዱ በፖስታ ሊላክ ይችላል።

«ቀጠሮዬ ስምንት ሰዓት ነው»

ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ግን በተለይ አባትና እናት የሚጎዱበት ነው። ደብዳቤው ላይ 8:00 ኤኤም ማለት በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው፤ 2:00 ፒኤም ደግሞ ከቀኑ 8 ሰዓት። ልጅ ደብዳቤውን አይቶ «ስምንት ሰዓት ነው» ሲል እናት የምትሰማው ከምሳ በኋላ ያለውን ነው። ቀኑም እንዲሁ ነው፦ 03/04/2026 በአሜሪካ አጻጻፍ ማርች 4 እንጂ ኤፕሪል 3 አይደለም። «ረቡዕ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት» ብለው በአማርኛ ጽፈው ማቀዝቀዣው ላይ ይለጥፉላቸው።

በተረፈ 15 ደቂቃ ቀደም ብሎ መድረስ በቂ ነው። መግቢያው ላይ እንደ አየር ማረፊያ ፍተሻ ስላለ ስለት ያለው ነገርና ስፕሬይ መኪና ውስጥ ይተዉ። ስልክዎን ያጥፉ፤ ፎቶ ማንሳትና ድምፅ መቅዳት ክልክል ነው።

«አስተርጓሚ እነሱ ያዘጋጃሉ»

አያዘጋጁም፤ ለግሪን ካርድ ኢንተርቪው እንግሊዝኛ የሚከብደው ሰው አስተርጓሚውን ይዞ ይሄዳል። አስተርጓሚው 18 ዓመት የሞላው፣ ሁለቱንም ቋንቋ በደንብ የሚችልና መታወቂያ የያዘ መሆን አለበት። ጠበቃዎ ጠበቃም አስተርጓሚም መሆን አይችልም፤ ለጉዳዩ ምስክር የሆነ ሰውም አይሆንም። ጂ-1256 የሚባል ፎርም አለ፤ አመልካቹና አስተርጓሚው የሚፈርሙት ኦፊሰሩ ፊት ስለሆነ ቤት ፈርመው አይሂዱ። በጥገኝነት ኢንተርቪውም ከሴፕቴምበር 13፣ 2023 ጀምሮ አስተርጓሚ ማምጣት የአመልካቹ ግዴታ ነው፤ ያለ በቂ ምክንያት ሳያመጡ መቅረብ እንደ መቅረት ሊቆጠር ይችላል።

የሚመርጡት ሰው ለእርስዎ ብሎ መልስ የሚያሳምር አይሁን። እርስዎ በአንድ ዓረፍተ ነገር የመለሱትን ሁለት ደቂቃ የሚያወራ አስተርጓሚ ኦፊሰሩን ያስጠረጥራል።

የዜግነት ኢንተርቪው ግን በእንግሊዝኛ ነው። በዕድሜ ምክንያት ከእንግሊዝኛው ነፃ የሚሆኑት ሲያመለክቱ ዕድሜያቸው 50 ሆኖ በግሪን ካርድ 20 ዓመት የኖሩ፣ ወይም 55 ሆኖ 15 ዓመት የኖሩ ናቸው፤ እነዚህ የታሪክና የመንግሥት ጥያቄውን በአስተርጓሚ ይፈተናሉ። 65 ሆኖ 20 ዓመት ለኖረ ደግሞ የሚጠናው 20 ጥያቄ ብቻ ነው።

«ካልገባኝ ‹የስ› ብል ይሻላል»

ከሁሉም የከፋው ምክር ይህ ነው። ኦፊሰሩ ቀኝ እጅ አስነሥቶ ያስምላል፤ ከዚያ በኋላ የሚባለው ሁሉ በመሐላ የተሰጠ ቃል ነው። ፎርሙ ላይ «አሸባሪ ድርጅትን ረድተው ያውቃሉ?»፣ «ለመንግሥት ዋሽተው ያውቃሉ?» የሚሉ ጥያቄዎች በረድፍ ተደርድረዋል። እንግሊዝኛው ሳይገባው በፈገግታ «የስ» የሚል ሰው በራሱ ላይ እየመሰከረ ነው። «እባክዎ ይድገሙልኝ»፣ «ጥያቄው አልገባኝም» ማለት መብት ነው፤ ኦፊሰሩም በሌላ ቃል ይጠይቃል።

«ፎርሙን የሞላልኝ ሌላ ሰው ነው» ማለትም አያድንም፤ የፈረሙት እርስዎ ነዎት። የላኩትን ማመልከቻ ቅጂ ይዘው ከመሄድዎ በፊት ገጽ በገጽ ያንብቡት። ስህተት ካገኙ ኦፊሰሩ እዚያ ገጽ ሲደርስ ራስዎ ይናገሩ፤ እሱ ያርመዋል፣ በመጨረሻም እርማቱን አይተው ይፈርማሉ። ራስዎ የተናገሩት ስህተት እርማት ነው፤ እሱ ያገኘው ግን ውሸት ሊመስል ይችላል።

ስለ መያዝና መከሰስ ያለው ጥያቄ ለብቻው ይታይ። ክሱ ቢዘጋም፣ ዳኛው «ከመዝገብ ተሰርዟል» ቢሉም፣ ዜግነት ላይ መነገር አለበት። ፍርድ ቤቱ ማኅተም ያደረገበትን የመጨረሻ ውሳኔ ይዘው ይሂዱ።

«ስማችንና የልደት ቀናችን ወረቀቱ ላይ አለ፤ ምን ያጠራጥራል?»

እዚህ ላይ የእኛ ሰው ከሌላው በበለጠ ይቸገራል። ባልና ሚስት የቤተሰብ ስም አንጋራም፤ የልጅ የመጨረሻ ስም የአባት ወይም የአያት ስም ነው። አንዱ ወንድም የአባቱን፣ ሌላው የአያቱን ስም መጨረሻ ላይ አስገብቶ ከሆነ በወረቀት ላይ ዘመድ አይመስሉም። ስለዚህ «ሌሎች የተጠቀሙባቸው ስሞች» የሚለው ቦታ ላይ የተለያዩ አጻጻፎች ሁሉ ይግቡ፤ ኢንተርቪው ላይም «በአገራችን የልጅ ሁለተኛ ስም የአባቱ ስም ነው» ብሎ በአጭሩ ማስረዳት ይበቃል።

ቀኑ ደግሞ አለ። ከአገር ቤት የመጣ ሰነድ ላይ ጥር 15 ቀን 1985 ዓ.ም. ካለ፣ በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 23፣ 1993 ነው። ተርጓሚው ዓመቱን ሳይቀይር «1985» ብሎ ከተወው ፓስፖርቱና የልደት ሰነዱ ስምንት ዓመት ይራራቃሉ፤ ተጨማሪ ማስረጃ የሚጠይቅ ደብዳቤም ሊያስከትል ይችላል። ትርጉሙ ሁለቱንም አቆጣጠር ለይቶ ቢጽፍ ይመረጣል። ትርጉም የግድ የኖተሪ ማኅተም ይፈልጋል የሚባለውም ስህተት ነው፦ የሚጠየቀው ሰነዱ ሙሉ በሙሉ መተርጎሙ፣ ተርጓሚውም ትርጉሙ ትክክል መሆኑንና ቋንቋውን መቻሉን ጽፎ መፈረሙ ነው።

«ሁሉንም ስለላክሁ ባዶ እጄን ብሄድ ችግር የለውም»

የላኩት ቅጂ ነው፤ ኦፊሰሩ ዋናውን ማየት ይፈልጋል። የቀጠሮ ደብዳቤ፣ ግሪን ካርድ፣ ያለፈበትም ጭምር ፓስፖርት፣ የጋብቻና የፍቺ ወረቀት፣ የታክስ ሰነድ ይያዙ። በጋብቻ ላመለከቱ አብሮ መኖርን የሚያሳይ አዲስ ማስረጃ ይጨመር፤ ማመልከቻው ከገባ በኋላ ያለው ዘመን ባዶ መሆን የለበትም። ዜግነት የጠየቀ ሰው ደግሞ ከአገር የወጣበትንና የተመለሰበትን ቀን ሁሉ በወረቀት ይዞ ይቅረብ።

«ጠበቃ ካልያዝኩ አያስገቡኝም»

ያስገባሉ፤ ጠበቃ መብት እንጂ ግዴታ አይደለም። ንጹሕ ጉዳይ ያለው ብዙ ሰው ብቻውን ቀርቦ ይጨርሳል። ነገር ግን ከአገር እንዲወጣ የተወሰነበት፣ ተይዞ የሚያውቅ ወይም ቪዛው ያለፈበት ሰው ሳያማክር አይሂድ፤ ኢንተርቪው ቦታ ላይ መያዝም አለ። ፎርም የሚሞላ ሰው ወይም ኖተሪ የሕግ ምክር የመስጠት ፈቃድ የለውም፤ ፈቃዱ ያለው ጠበቃ ወይም የፍትሕ ሚኒስቴር ዕውቅና የሰጠው ተወካይ ብቻ ነው።

«ብቀር ሌላ ቀጠሮ ይልኩልኛል»

የአሻራ ቀጠሮ ሳያሳውቁ ከቀሩ ማመልከቻውን እንደተዉት ሊቆጠር ይችላል፤ የከፈሉትም ገንዘብ አይመለስም። አሻራውን ከቀጠሮው 12 ሰዓት በፊት ድረስ በኦንላይን አካውንት ማዛወር ይቻላል፤ ኢንተርቪው ከሆነ ቶሎ ይደውሉ። ብዙ ሰው የሚቀረው ግን ደብዳቤው ሳይደርሰው ነው። ቤት ሲቀይሩ በ10 ቀን ውስጥ ለራሱ ለኢሚግሬሽን ያሳውቁ፤ ፖስታ ቤት አድራሻ መቀየር ብቻውን አይበቃም።

«100 ጥያቄ ማጥናት ይበቃል»

የዜግነቱ የታሪክና የመንግሥት ፈተና ስለተለወጠ ያመለከቱበትን ቀን ይዩ። ከኦክቶበር 20፣ 2025 በፊት ያመለከተ የሚያጠናው 100ውን ነው፤ እስከ 10 ይጠየቃል፣ 6 ከመለሰ ያልፋል። በዚያ ቀንና ከዚያ በኋላ ያመለከተ ግን ከ128 ጥያቄ እስከ 20 ይጠየቃል፣ 12 መመለስ አለበት። የወደቀ ሰው ከ60 እስከ 90 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ የወደቀበትን ክፍል ብቻ እንደገና ይፈተናል።

«ፈተናውን ስላለፍኩ ዜጋ ነኝ»

ገና ነው። ዜግነት የሚጀምረው በመሐላው ሥነ ሥርዓት ነው፤ እስከዚያ ድረስ ድምፅ መስጠትም ሆነ ለአሜሪካ ፓስፖርት ማመልከት አይቻልም። ከሥነ ሥርዓቱ ጥሪ ደብዳቤ ጋር ያለውን ቅጽ ሲሞሉ ከኢንተርቪው ወዲህ የተጓዙበትን ወይም የተቀጡበትን ሁሉ ይጻፉ፤ ግሪን ካርድዎንም እዚያ ያስረክባሉ። የምስክር ወረቀቱን ሲቀበሉ ከአዳራሹ ሳይወጡ የስምዎን እያንዳንዱን ፊደልና የልደት ቀንዎን ይመርምሩ፤ ስህተት ካለ እዚያው ይናገሩ።