አቻ ለአቻ መማማር በባሕር ዳር፦ የፍሬሽማን ሳይንስ ተማሪዎች

አቻ ለአቻ መማማር ማለት ኮርሱን ቀድሞ ወስዶ ጥሩ ውጤት ያመጣ ተማሪ ከኋላው የመጡትን በትንሽ ቡድን የሚያሠራበት ዘዴ ነው። አስጠኚው መምህሩን አይተካም። ሌክቸር አይሰጥም፣ መልስም አይናገርም። ጥያቄ ያቀርባል፣ ተማሪዎቹ ይከራከራሉ፣ ሲጠፋባቸው ሌላ ጥያቄ ይጨምራል።

በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሲኒየር (ነባር ተማሪ) ፍሬሹን (የመጀመሪያ ዓመቱን ተማሪ) ማስጠናቱ ከዘዴው ስም በፊት የነበረ ነው። ለአገሩም እንግዳ አይደለም። እንደ ዋሸራ ባሉ የጎጃም ቅኔ ቤቶች ከፍ ያለው ተማሪ ታናሹን ሲያስጠና ኖሯል።

ዩኒቨርሲቲው በ1992 ዓ.ም. ከሁለት ተቋማት ተዋሕዶ የተመሠረተ ነው። አንደኛው «ፖሊ» የሚባለው የፖሊቴክኒክ ተቋም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1963 በሶቪየት ኅብረት ትብብር ተከፈተ። ሁለተኛው በ1965 ዓ.ም. አካባቢ በዩኔስኮና በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ድጋፍ የተቋቋመው የፔዳጎጂ አካዳሚ ነው። ተማሪው ዛሬም ዋናውን ግቢ «ፔዳ» የሚለው በዚሁ ምክንያት ነው። ግቢው ስሙን ያገኘው ከማስተማር ጥበብ ነውና ስለ ማስተማሪያ ዘዴ ሲነሳ ፔዳ ቀና ብሎ ቢናገር አይፈረድበትም።

በ1990ዎቹ (ዓ.ም.) አጋማሽ የፍሬሽማን ዓመት፣ ማለትም የዩኒቨርሲቲው የመጀመሪያ ዓመት የጋራ ትምህርት፣ ቀረ።

በ2000ዎቹ ደግሞ «አንድ ለአምስት» መጣ። ጎበዙ መሪ ሆኖ ሌሎች በሥሩ ይመደባሉ። ለጥናት ጠቅሟል የሚሉ አሉ፤ ፖለቲካዊ መቆጣጠሪያ ነበር የሚሉም ብዙ ናቸው። ያም ሆነ ይህ፣ በትእዛዝ የተደለደለና በፍላጎት የተሰባሰበ ቡድን እኩል አይሠራም።

ፍሬሽማን በ2012 ዓ.ም. ሲመለስ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂና ሒሳብ ተደራርበው መጡ። አስጠኚ የሚፈለገውም እዚህ ላይ ነው።

በሌላው ዓለም ዘዴው መልክ የያዘው በኒው ዮርክ ሲቲ ኮሌጅ፣ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ፣ በኬሚስትሪ ኮርስ ነው። ከ6 እስከ 8 ተማሪ በሳምንት አንድ ጊዜ ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ይቀመጣል። አስጠኚዎቹም ከመምህሩ ጋር እየተገናኙ ይዘጋጃሉ። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ የ225 ጥናቶች ግምገማ፣ በሌክቸር ብቻ በሚሰጡ የሳይንስ፣ የምህንድስናና የሒሳብ ኮርሶች 34 በመቶ ያህሉ ሲወድቁ አሳታፊ በሆኑት 22 በመቶ ያህሉ ብቻ መውደቃቸውን አሳይቷል። ቁጥሩ ግን የአሳታፊ ትምህርት በጠቅላላው እንጂ የአቻ ለአቻ ብቻ አይደለም።

ጥሩ ጥያቄ ምን ይመስላል? በትንሽ ገንዳ ላይ ታንኳ አለ፣ ታንኳው ላይ ድንጋይ ተጭኗል። ድንጋዩ ወደ ውሃው ቢጣል የገንዳው ውሃ ከፍ ይላል ወይስ ዝቅ? ብዙው «ከፍ» ይላል። መልሱ ዝቅ ይላል ነው። ድንጋዩ ታንኳው ላይ ሳለ በክብደቱ ልክ ውሃ ይገፋል፤ ሲሰጥም ግን በይዘቱ (በሚይዘው ቦታ) ልክ ብቻ። (ጣና ላይ ቢሞከር ማንም ልብ አይለውም፤ ገንዳ ያልነው ለዚህ ነው።) ቀመሩን ቸክሎ የመጣ ተማሪ እዚህ ላይ ይደናገራል፤ ጓደኛውን ለማሳመን ሲሞክር ግን ይገባዋል።

ወንበሩ ወለል ላይ የታሰረበት አዳራሽ ለቡድን አይመችም። ቋንቋም አለ። ኮርሱ በእንግሊዝኛ ነው፣ ክርክሩ ግን በአማርኛ ይሞቃል፤ ያኔ አፍ መፍቻው ሌላ የሆነ ተማሪ ዝም ሊል ይችላል። ጎበዝ አስጠኚ ጥያቄውን በእንግሊዝኛ ያነባል፣ ክርክሩን በሚመቻቸው ቋንቋ ይተዋል፣ መልሱን ግን በእንግሊዝኛ ያስጽፋል። ፈተናው የሚመጣው በዚያው ነዋ።