ሲሞስ ሪሴት ምንድን ነው?

ማዘርቦርድ በሚባለው የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ ላይ የሃርድዌሩን ምርጫዎች ይዛ የምትቆይ ትንሽ ሜሞሪ አለች። ኮምፒውተሩ ከየትኛው ዲስክ እንደሚነሳ፣ ራሙ በምን ፍጥነት እንደሚሠራ፣ የትኛው ፖርት እንደተዘጋ የሚመዘገበው እሷ ላይ ነው። ስሟ ሲሞስ ይባላል። በ1984 በወጣው የአይቢኤም ኤቲ ኮምፒውተር ላይ ከሰዓቱ ጋር በአንድ ቺፕ ውስጥ ሆና መጠኗ 64 ባይት ብቻ ነበር። ሲሞስ ሪሴት ማለት እነዚህን ምርጫዎች አጥፍቶ ፋብሪካው ወዳስቀመጠው መመለስ ነው። ዲስክ ላይ ያለ ፋይል አይነካም።

የሚጠቅመው ራም ከተቀየረ ወይም ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ መጀመሪያ የሚሠራውና እነዚህ ምርጫዎች የሚስተካከሉበት ፕሮግራም) ውስጥ የሆነ ነገር ከተነካ በኋላ ፋኑ እየዞረ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ሲቀር ነው። መብራት ድንገት ሄዶ ሲመጣ ኮምፒውተሩ አልነሳ ካለም ይሞከራል። ቀኑ በየጠዋቱ ወደ ድሮ ዓመት የሚመለስ ከሆነና ኤፍ1 ተጫኑ እያለ የሚያስቸግር ከሆነ ግን በሪሴት አትድከሙ፤ ለሲሞስና ለሰዓቱ ኃይል የምትሰጠው ትንሽ ባትሪ አልቃለች።

ባትሪዋ ሳንቲም የምታክለው ሲአር2032 ናት፤ 3 ቮልት፣ ስፋቷ 20 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቷ 3.2። ዴስክቶፕ ተዘግቶም ቢሆን ሶኬት ላይ እስካለ ድረስ ሰዓቱ የሚሠራው ከፓወር ሰፕላዩ በሚመጣ ኃይል ነው። ጎንደር ፒያሳም ሆነ አዘዞ ያለ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ማታ ዲቫይደሩን አጥፍቶ ሲዘጋ፣ ወይም መብራት ሲጠፋ፣ ሸክሙ ባትሪዋ ላይ ይወድቃል። በቴስተር ስትለካ ከ2.7 ቮልት በታች ካሳየች ቀይሯት። ሱቅ ውስጥ የቆየች ባትሪም ደክማ ልትገኝ ስለምትችል ከመግዛት በፊት ማስለካት አይከፋም።

ሪሴቱን ለማድረግ ኮምፒውተሩን ዝጉና ገመዱን ከጀርባው ንቀሉ፤ ዲቫይደር ማጥፋት ብቻውን አይበቃም። ውስጥ የቀረው ኃይል እንዲያልቅ ማብሪያውን ለ15 ሰከንድ ያህል ተጭናችሁ ያዙ። ከዚያ የኬዙን ብረት ነክታችሁ ከባትሪዋ አካባቢ ክሊር ሲሞስ (CLEAR CMOS) ወይም ጄባት1 (JBAT1) የሚል ጽሑፍ ያለባቸውን ፒኖች ፈልጉ። ሦስት ከሆኑ ብዙውን ጊዜ ጃምፐሩ፣ ማለትም ሁለት ፒን የሚያገናኘው ትንሽ ክዳን፣ 1 እና 2 ላይ ነው፤ አውጥታችሁ 2 እና 3 ላይ ለ10 ሰከንድ አድርጉና ወደ ቦታው መልሱት። ሳይመልሱት ገመድ የሚሰኩ ብዙ ናቸው፤ ኮምፒውተሩ ጭራሽ አልነሳ ይላል። ሁለት ፒን ብቻ ከሆነ በካቻቢቴ ጫፍ ሁለቱን አንድ ላይ መንካት ነው። ፒኑ ካልተገኘ ባትሪዋን አውጥታችሁ 15 ደቂቃ ጠብቁ፤ ስትመልሷት የመደመር ምልክቱ ወደ ላይ ይሁን። በአዳዲስ ማዘርቦርዶች ግን ምርጫዎቹ የሚቀመጡት ያለ ኃይል በሚቆይ ፍላሽ ቺፕ ላይ ስለሆነ ባትሪ ማውጣቱ ሰዓቱን ብቻ አጥፍቶ ሊቀር ይችላል። የብዙ ላፕቶፖች የባዮስ ፓስወርድም በዚህ አይወርድም።

ሥራው የሚበዛው ከሪሴት በኋላ ነው። ባዮስ የሚከፈት ከሆነ ገጾቹን አስቀድማችሁ በስልክ ፎቶ አንሱ፣ በተለይ የዲስኩን ሞድ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ከዲስኩ ጋር የሚነጋገርበትን መንገድ (ኤኤችሲአይ፣ ሬይድ ወይም አይዲኢ)። ዊንዶውሱ የተጫነው በኤኤችሲአይ ሆኖ ሪሴቱ ወደ ሬይድ ወይም አይዲኢ ከመለሰው ሰማያዊ ስክሪን ይመጣል። ዲስኩ ተበላሽቷል ተብሎ ስንቱ በከንቱ ፎርማት ተደርጓል! ሞዱን መመለስ በቂ ነው። ቢትሎከር (የዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ) ያለበት ኮምፒውተር ደግሞ 48 አኃዝ ያለውን የመክፈቻ ቁጥር ሊጠይቅ ስለሚችል ቁጥሩ ሳይገኝ አትጀምሩ።

ቀኑ ላይ እኛ አገር የተለየ ወጥመድ አለ። ባዮስ የሚያውቀው የፈረንጆቹን አቆጣጠርና የ24 ሰዓት አሠራር ነው፤ ብዙ ጊዜም ወሩን ከቀኑ ያስቀድማል። መስከረም 5 ቀን 2018 ከቀኑ 9 ሰዓት ከሆነ የሚገባው 09/15/2025፣ 15:00 ነው። ዓመቱ ላይ 2018 ብሎ የጻፈ ሰው ኮምፒውተሩን ሰባት ዓመት ወደ ኋላ ወስዶታል። ዊንዶውስ ይነሳል፣ ወርድም ይሠራል፤ ብራውዘሩ ግን የድረ ገጾቹ ሰርተፊኬት (የማንነት ማረጋገጫ) ገና ያልወጣ ስለሚመስለው ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም እያለ አይከፍትም። ከዚያ በኋላ ጥፋተኛው ኔትወርኩ ይሆናል።

ላፕቶፕ ላይ ዋናው ባትሪ መነቀል ስላለበት መክፈቱ ለባለሙያ ይሻላል። ብዙ አዳዲስ ዴሎች ግን ቻርጀሩ ተሰክቶ ማብሪያው ለ30 ሰከንድ ያህል ከተያዘ ሳይከፈቱ ሪሴት ይሆናሉ።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ስክሪኑ ጥቁር ከሆነ ራሞቹን አውጥታችሁ የወርቅማ ጥርሳቸውን በንጹሕ ላጲስ ጥረጉ፣ አንድ ራም ብቻ መልሳችሁ ሞክሩ፣ ከዚያ ቦታውን እየቀያየራችሁ።