ለአሜሪካ ገበሬ የተከፈለው የኮሮና ገንዘብ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

እ.ኤ.አ. በ2020 የአሜሪካ ትልልቅ ቄራዎች ሠራተኞቻቸው በኮሮና ሲያዙ ተዘጉ። ትምህርት ቤትና ሬስቶራንት ስለተዘጋ ወተት ገዢ አጥቶ ተደፋ። የፌዴራሉ ግብርና መሥሪያ ቤት ሚያዝያ ላይ ለገበሬዎች 16 ቢሊዮን ዶላር በቀጥታ እከፍላለሁ አለ። መስከረም ላይ እስከ 14 ቢሊዮን የሚደርስ ሁለተኛ ዙር ጨመረ። ገበሬዎቹ "ሲፋፕ" የሚሉት ይህንን ነው። ስለ እሱ የሚወራው ግን ብዙ ነው።

"ገንዘቡን የሰጠው ካውንቲው ነው"

ገበሬው ያመለከተው እዚያው ካውንቲው (የአካባቢው አስተዳደር) ውስጥ ባለ ቢሮ ስለሆነ ነው እንዲህ የሚባለው። ቢሮው ግን የፌዴራል ነው። ካውንቲው ከካዝናው ሳንቲም አላወጣም።

"ያው ስቲሙለስ ነው"

አይደለም። ስቲሙለስ የሚባለው፣ መንግሥት በ2020 ለሕዝቡ የላከው 1,200 ዶላር፣ ለአብዛኛው ሰው ሳያመለክት ነው የገባለት። ሲፋፕ ግን በማመልከቻ ነበር፤ የሚሰላውም በከብት ቁጥር፣ በመሬት ስፋት (በኤከር) እና በመሳሰሉት። ኡበር የሚነዱ ወገኖቻችን የሚያውቁት ፒፒፒም ሌላ ነው፤ እሱ ደንቡን ላሟላ የሚሰረዝ ብድር ነበር። ገበሬ ሦስቱንም ማግኘት ይችል ነበር። ታክስ ላይ ግን ይለያያሉ፤ ከሦስቱ እንደ ገቢ ታክስ የሚከፈልበት ሲፋፕ ብቻ ነው።

"የተከፈለው ለከሰረ ብቻ ነው"

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በሁለተኛው ዙር በቆሎና አኩሪ አተር የዘራ፣ ከብት ያረባ ሰው "ይህን ያህል ከሰርኩ" ብሎ ማስረጃ አላቀረበም። የምርቱ ዋጋ በአገር ደረጃ 5 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ ከወረደ በቃ። በኋላ የበቆሎ ዋጋ ሲተኮስ ገንዘቡን መልሱ ያለ የለም።

በተቃራኒው በትክክል የተጎዳ ሰው ባዶ እጁን ቀርቷል። በአዮዋ ግዛት ሰሜን ምዕራብ ያለውን ሲዩ ካውንቲ እንውሰድ። አሳማው ከሰው በብዙ እጥፍ የሚበልጥበት አገር ነው። 2,400 አሳማ የሚይዝ ማደለቢያ በአዮዋ የተለመደ ነው። በሁለተኛው ዙር ለአንድ አሳማ 23 ዶላር ስለተተመነ፣ ሒሳቡ 55,200 ዶላር ይመጣል። ታዲያ ለማን? ለአሳማው ባለቤት። ብዙ ጊዜ ደግሞ ማደለቢያው የገበሬው፣ አሳማው የሌላ ነው። ገበሬው ተበድሮ ማደለቢያውን ሠርቷል፣ ያበላል፣ ፋንድያ ይጠርጋል፤ የሚከፈለው ግን በኮንትራት ነው። ቄራው ሲዘጋ ገቢው ተቃወሰ፣ ሲፋፕም አላወቀውም። ኮንግረስ ይህን ያስተካከለው በታኅሣሥ 2020 ባወጣው ሕግ ነው። ለኮንትራት አርቢዎች ከታጣው ገቢ እስከ 80 በመቶ እንዲከፈል ተፈቀደ።

"ትንንሾቹን ለማዳን የመጣ ነው"

ስሌቱን ላየው ሰው እንዲህ አይመስልም። በሁለተኛው ዙር ለበቆሎ ትንሹ ክፍያ በኤከር 15 ዶላር ነበር። 20 ኤከር ያለው 300 ዶላር፣ 2,000 ኤከር ያለው 30,000 ዶላር ማለት ነው። ጣሪያው ለአንድ ሰው 250,000 ዶላር ነበር። ሦስት ባለድርሻዎች በሥራው የሚሳተፉበት ኩባንያ ከሆነ ደግሞ እስከ 750,000። እኔ ይህን ማጭበርበር አልለውም፤ ሕጉ ራሱ በግልጽ የጻፈው ነው። "ትንሹ ገበሬ" የሚለው ወሬ ግን ከዚህ ጋር አይገጥምም።

"የጥቁር ገበሬዎች እዳ ተሰርዟል"

በመጋቢት 2021 የወጣው የኮሮና ማገገሚያ ሕግ ይህን ቃል ገብቶ ነበር። ለጥቁርና ለሌሎች አናሳ ገበሬዎች የግብርና መሥሪያ ቤቱን ብድር እስከ 120 በመቶ ሊሸፍን ነበር፤ ትርፉ 20 በመቶ ለታክስ ታስቦ ነው። ነጭ ገበሬዎች "በዘር አድልዎ ተደረገብን" ብለው ከሰሱ። በሰኔ 2021 ፍርድ ቤቶች ክፍያውን በመላ አገሪቱ አገዱ። ቃሉን አምነው ትራክተር ለመግዛት የተበደሩ ሰዎች መሐል ሜዳ ላይ ቀሩ። በነሐሴ 2022 ኮንግረስ አንቀጹን ሰረዘው። በምትኩ ከ2021 በፊት በብድር አሰጣጥ አድልዎ ለደረሰበት ሰው፣ ዘሩ ምንም ይሁን ምን፣ ሌላ ፈንድ አቋቋመ። በ2024 ከዚያ ፈንድ 2 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ከ43,000 በላይ ለሆኑ ሰዎች ተከፍሏል። እሱ ግን ለድሮ በደል የተከፈለ ነው፤ ቃል የተገባው የእዳ ስረዛ አይደለም።