ሲዲ አብቅቶለታል? የሚባለውና እውነታው

ደብረ ብርሃን ባለው ቤቴ፣ ከቴሌቪዥኑ ሥር በተቀመጠች ሳጥን ውስጥ 63 ሲዲ አለኝ። የቆጠርኳቸው በቅርቡ ነው። ያስቆጠረኝ የእህቴ ልጅ ነው። ለእረፍት መጥቶ ሳጥኗን ከፈተና፣ «ጋሼ፣ ይሄን ለምን አትጥለውም? ሁሉም ስልክ ላይ አለ እኮ» አለኝ።

ቡና ተፈልቶ ነበር። ቪትዝ የሚያሽከረክር ጎረቤታችን ነበር፤ በገና የሚወዱ አንድ አዛውንትም ነበሩ። በረካው ሳይቀዳ ክርክሩ ጦፈ። ልጁ ለስልኩ፣ አዛውንቱ ለሲዲ፣ ሾፌሩ ለፍላሽ ቆሙ። እኔም ከአዛውንቱ ጋር ወገንኩ። ሁሉም ከሄዱ በኋላ ነገሩን ሳጣራው ግን አራታችንም ከተናገርነው ብዙው ስህተት ነበር። የተባለውን አንድ በአንድ ላንሳው።

«ሲዲ ሞቷል፤ ማጫወቻውስ የት ይገኛል?»

ብዙ ቤት ውስጥ አለ። ዲሽ ከገባ ወዲህ ዳንቴል ለብሶ የተቀመጠው ዲቪዲ ማጫወቻ ሲዲም ያጫውታል። ጃፓን አገልግለው ከመጡት ቪትዞችና ኮሮላዎች ብዙዎቹ የሲዲ ማስገቢያ አላቸው። ጎረቤታችን ራሱ እዚያ ማስገቢያ ላይ የስልክ መያዣ ሰክቶ ነው የሚነዳው። ሲዲ ማስገቢያ መሆኑን እስክነግረው ድረስ ለመያዣው የተሠራ ቀዳዳ ይመስለው ነበር።

አዲስ ላፕቶፕና አዲስ መኪና ላይ ማስገቢያው መቅረቱ ግን እውነት ነው። ያላችሁን አትጣሉ ማለቴ እንጂ ፍለጋ ውጡ ማለቴ አይደለም።

«ሲዲ ከሆነ ጥራት አለው»

እዚህ ላይ ቆም እንበል። እኔ ለዓመታት የተሸወድኩት እዚህ ነው።

ሲዲ እ.ኤ.አ. በ1982 ጃፓን ውስጥ ለገበያ ሲቀርብ ሶኒና ፊሊፕስ የተስማሙበት ልክ ነበረው። ድምፁ በሰከንድ 44,100 ጊዜ ይለካል። እያንዳንዱ ልኬት በ16 ቢት ይጻፋል። ይህም ለግራና ለቀኝ ለየብቻ ነው። ሲባዛ በሰከንድ 1,411 ኪሎቢት መረጃ ይመጣል። በዚህ ልክ አንድ ሲዲ የሚይዘው ከ74 እስከ 80 ደቂቃ ብቻ ነው። የኛ ዘፈን አምስት አምስት ደቂቃ ነው ብንል 15 ወይም 16 ዘፈን ማለት ነው።

አሁን መናኸሪያ አካባቢ የገዛችሁትን ሲዲ አውጡት። ላዩ ላይ «ምርጥ 120 ዘፈኖች» ይላል? እንግዲያው ኤምፒ3 በሚባለው ፋይል ማሳነሻ የተጨመቀ ነው። ያን ያህል ዘፈን በዋናው ልክ ሰባት ስምንት ሲዲ ይፈልጋል። በሰከንድ 128 ኪሎቢት በሆነ ኤምፒ3 ግን 12 ሰዓት ገደማ ሙዚቃ አንድ ሲዲ ላይ ይገባል። ከዋናው መረጃ አሥራ አንደኛው እጅ ብቻ ቀርቷል ማለት ነው። እርግጥ መጭመቂያው የሚጥለው ጆሮ አይሰማውም ብሎ የገመተውን ስለሆነ ጉዳቱ የቁጥሩን ያህል አይከፋም። ግን አለ። ጭብጨባው ይሻክራል። ጸናጽሉ ውሃ ውስጥ ያለ ይመስላል።

የባሰም አለ። ያንኑ የተጨመቀ ዘፈን መልሰው ባዶ ሲዲ ላይ እንደ ተራ የሙዚቃ ሲዲ በኮምፒውተር የሚጽፉ (በርን የሚያደርጉ) ቤቶች ነበሩ። 15 ዘፈን ብቻ ስለያዘ ዋናው ይመስላል። ሽፋኑም በከለር ታትሟል። ግን አንዴ የተጣለ ድምፅ በምንም አይመለስም። ቅራሪ በዋንጫ ቢቀዳ ጠላ አይሆንም።

ታዲያ በምን ይለያል? ገልብጣችሁ እዩት። ፋብሪካ የታተመው ሆዱ ጥርት ያለ ብር ነው። በኮምፒውተር በርን የተደረገው አብዛኛውን ጊዜ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ ወይም ሐምራዊ ያጠላበታል። ድምፁ የተጻፈው እዚያ ቀለም ላይ ነው።

ከ63ቱ ሲዲዎቼ ስንቱ ዋናው ሆነ መሰላችሁ? 19። ቀሪው 44 በርን የተደረገ ነው። «የሲዲ ድምፅ እኮ ሌላ ነው» እያልኩ ያሰለቸኋችሁ ሁሉ ይቅር በሉኝ።

«ስትሪሚንግ ምንጊዜም ከሲዲ ያነሰ ነው»

ስትሪሚንግ ማለት ዘፈኑን ከኢንተርኔት በቀጥታ እየሳቡ ማዳመጥ ነው። ይህን ያሉት አዛውንቱ ናቸው። ድሮ ልክ ነበሩ። አሁን ግን ከዘፈን ማዳመጫ አፖቹ አፕል ሚውዚክ እ.ኤ.አ. ከ2021፣ ስፖቲፋይ ደግሞ ከ2025 ጀምሮ ምንም ያልተጣለለት፣ ከሲዲ የማያንስ ድምፅ ያቀርባሉ። ያለዚያም ቢሆን በሰከንድ 320 ኪሎቢት ብቻ የተጨመቀን ዘፈን ከሲዲ የሚለይ ጆሮ ጥቂት ነው።

በወሬ ከምንከራከር ሞከርነው። የመረጥነው በገና ነው፤ ምክንያት አለን። በገና 10 ጅማት አለው። ያን ንብ የመሰለ ድምፁን የሚሰጠው እንዝራ ነው፤ በበርኩማው ላይ ለእያንዳንዱ ጅማት የምትደረግ ትንሽ ቆዳ ናት። ጅማቱ ሲመታ እሷን እየነካ ይነዝራል። ከዚያ ንዝረት ብዙ ቀጫጭን ድምፅ ይወጣል። ሙዚቃ አለቅጥ ሲጨመቅ ቶሎ የሚጎዳው ያ ቀጭኑ ነው።

ኢትዮፒክስ ከሚባለው የፈረንሳይ የሲዲ ተከታታይ 11ኛው ሙሉ በሙሉ የዓለሙ አጋ በገና ነው። ከ19ኙ ዋናዎች አንዱ እሱ ነው። ልጁ አንዱን መዝሙር በ64፣ በ128 እና በ320 ኪሎቢት አዘጋጀው። አዛውንቱ ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀመጡ።

64ቱን ገና ሲጀምር፣ «ይሄ ንብ አይደለም፣ ዝንብ ነው» አሉ። 128ቱን ሁለቴ ለዩት፣ አንዴ ሳቱት። 320ውንና ሲዲውን ግን መለየት አልቻሉም። አልተቀየሙም። «እስቲ ድገመው» ብቻ አሉ፤ አራት ጊዜ አስደገሙት።

በነገራችን ላይ ብሉቱዝ ስፒከር ካላችሁ ለከፍተኛው ጥራት ዳታችሁን አታቃጥሉ። የተለመደው ብሉቱዝ ራሱ ድምፁን እንደገና ይጨምቀዋል። እኔን ከጠየቃችሁኝ ከሲዲና ከስትሪሚንግ ክርክር በፊት ደህና ስፒከር ይቅደም። ልዩነቱን ማንም ይሰማዋል።

«ፍላሽ ሁለቱንም ይተካል»

ፍላሽ ዕቃ ነው። ወተትም አሬራም ይይዛል። ዘፈን የሚጭኑ ቤቶች ብዙውን ጊዜ የሚጭኑት ከዩቲዩብ የተቀዳውን ነው። እሱ ዩቲዩብ ላይ አንዴ ተጨምቋል፤ ወደ ኤምፒ3 ሲቀየር ሁለተኛ ይጨመቃል። ፋይሉ ላይ 320 ተብሎ ቢጻፍም የሄደው ሄዷል።

«ስልክ ላይ በነጻ ነው»

ሒሳቡን እንሥራው። 320 ኪሎቢት በሰዓት 144 ሜጋባይት ይበላል። በቀን ሁለት ሰዓት ካዳመጣችሁ በወር 8.6 ጊጋባይት ነው። ወደ 96 ኪሎቢት ብታወርዱት በሰዓት 43 ሜጋባይት ይሆናል፤ ለሥራ ላይ ማዳመጫ ይበቃል። ብዙ ሰው ግን ዘፈን የሚሰማው ዩቲዩብ ላይ ነው። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አጋድሞ ወጥ ይሠራል፣ ልብስ ያጥባል። ቪዲዮውን የሚያየው የለም። ዳታው ግን ለቪዲዮው ይከፈላል። ሲዲ አንዴ ከተገዛ ሺህ ጊዜ ቢሰማም የሚፈልገው መብራት ብቻ ነው። (መብራቱስ? እሱን ሌላ ቀን።)

ኔትወርኩም አለ። ከደብረ ብርሃን ወደ ሸዋ ሮቢት ስትወርዱ፣ ጣርማ በር ላይ ጣሊያን ያስቆፈረው ዋሻ ውስጥ ስትገቡ ዘፈኑ መሃል ላይ ቀጥ ይላል። እሱስ ይታለፋል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት የተቋረጠበትን ጊዜ ግን ታስታውሳላችሁ። ያኔ ስልክ ላይ «አለ» የተባለው ሁሉ ስሙ ብቻ ቀረ።

«ዳውንሎድ ካደረግኩት የኔ ነው»

ልጁ ለዚህ መልስ ነበረው። «ዳውንሎድ አደርጋለኋ!» አለ። ግን አፕ ውስጥ የወረደ ዘፈን ቁልፉ እሱ ጋ አይደለም። ስፖቲፋይን ብንወስድ ቢያንስ በ30 ቀን አንዴ ኢንተርኔት ካላገኘ ያወረዳችሁትን አያጫውትም። ወርኃዊ ክፍያው ሲቆምም እንደዚያው። የዘፈኑ ባለመብትና አፑ ውላቸው ካበቃም ዘፈኑ አንድ ቀን ይጠፋል። ማንም መጥቶ ከሳጥናችሁ ሲዲ አይወስድም፤ ተውሶ ከሚያስቀር ዘመድ በስተቀር።

«ሁሉም ኦንላይን አለ» የሚለውም ያው ነው። በካሴት ወጥተው በካሴት የቀሩ ስንት ዘፈኖች አሉ። ከ44ቱ በርን ከተደረጉት ሲዲዎቼ አንዱ ሰላ ድንጋይ ላይ የተደረገ የዘመድ ሰርግ ነው። አንድ ማሲንቆ፣ እልልታ፣ መሃል ላይ የሚያለቅስ ሕፃን። ጥራቱን ተዉት፣ የለም። ግን ከዚያች ሲዲ በቀር የትም አይገኝም። እንግዲህ የናቅኩት ክምር ውስጥ ሆኖ ከሁሉም የሚበልጥብኝ እሱ ሆነ።

«ከተቧጨረ አለቀለት»፣ «ካልተቧጨረ ለዘላለም ይኖራል»

ሁለቱም አይደለም። የሲዲ ሆድ 1.2 ሚሊሜትር ያህል ውፍረት ያለው ጠንካራ ፕላስቲክ ነው። ብርሃኑ እሱን አልፎ ነው የሚያነበው። ትንሽ ጭረት ቢኖር የጎደለውን የሚያሰላ ማረሚያ አብሮ ተጽፏል። ስለዚህ ሆዱ ተጭሮ ያለ ችግር የሚዘፍን ሲዲ ብዙ ነው። ስስ የሆነው ጀርባው ነው። ድምፁን የያዘው ንጣፍ ጽሑፉ ካለበት ወገን፣ ከስስ ቅብ ሥር ነው ያለው። እዚያ ላይ በእስክሪብቶ ከጻፋችሁ ወይም የተለጠፈ ወረቀት ከገሸለጣችሁ መመለሻ የለውም። ለመጻፍ ለስላሳ ማርከር ይሻላል። ስትወለውሉት ደግሞ ዙሪያውን አይሁን። ከመሃል ወደ ጠርዝ ቀጥ አድርጉት፤ ክብ ጭረት ማረሚያውን ያሸንፈዋል።

በርን የተደረገው ሌላ ጠላት አለው፤ ፀሐይ። ያ ቀለም ይደበዝዛል። መኪና ዳሽቦርድ ላይ የተረሳ ሲዲ ሳይጫር ይሞታል።

የኛ አገር ብርድም የራሱ ጣጣ አለው። ከብርድ የገባ ማጫወቻ የጀበና እንፋሎት ያለበት ሞቃት ክፍል ውስጥ ወዲያው ሲከፈት ሌንሱ ላይ ጤዛ ይይዛል። «ኖ ዲስክ» ይላል። ተበላሸ ብላችሁ ወደ ጥገና አትሩጡ። አንድ ሁለት ሰዓት አቆዩት። ዕጣንና የኩበት ጭስም ሌንሱን ያደበዝዛል፤ በጥጥና በንጹሕ አልኮል ቀስ ብሎ መጥረግ ነው። አረቄ አይሆንም። አንድ ወዳጄ ሞክሮ ሌንሱ ላይ ሽፋን ጥሎበታል። የተረፈውን ምን እንዳደረገው አልጠየቅኩትም።

«ሲዲ ገዛሁ ማለት ዘፋኙን ደገፍኩ ማለት ነው»

ዋናውን ከሆነ አዎ። ኮፒውን ከሆነ የደገፋችሁት ኮፒ አድራጊውን ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለግል መጠቀሚያ አንድ ቅጂ ማድረግን ይፈቅዳል። አባዝቶ መሸጥን አይፈቅድም።

ዋናው ሲዲ ሌላም ነገር ያመጣል፤ ወረቀቱን። ግጥም የማን ነው፣ ዜማ የማን ነው፣ ማን አቀናበረው፣ ማሲንቆውን ማን መታ። ስልክ ላይ ይህ ብዙ ጊዜ የለም፤ ያለውም የዘፋኙ ስምና ፎቶ ነው።

ልጁ አሁን በዩኤስቢ የሚሰካ የሲዲ ማስገቢያ ተውሶ ሳጥኗን እየገለበጠልኝ ነው። ፍላክ በሚባለው የፋይል ዓይነት፣ ከድምፁ ምንም ሳይጣል። አንድ ሲዲ ከ300 እስከ 400 ሜጋባይት ይሆናል። ሁሉም ተደምሮ 32 ጊጋ ፍላሽ ይበቃዋል። የጀመርነው በሰላ ድንጋዩ ሰርግ ነው። እስከ መጨረሻው አነበበው፤ ሕፃኑም አለቀሰ።

ጎረቤታችን «ለኔም ገልብጥልኝ» አለ። አንድ ቅጂ ለራስ ነው የተባለው ብዬ አዋጅ ጠቀስኩበትና ዋናውን ሲዲ አዋስኩት። የስልክ መያዣውን ነቀለ። ባለፈው ሳምንት ሸዋ ሮቢት ደርሶ ሲመለስ ደወለልኝ። ዋሻው ውስጥ አልቆመም አለኝ።